ገለጎ የት ይደርሳል? ድንበር የሚሻገር ትንሽ የጫካ ወንዝን ቤት ተቀምጦ የመከተያ መንገድ

ትልቅ ወንዝ መከተል ምንም አይደለም። ዓባይን ማንም ያገኘዋል፤ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ጣቱን ማንሸራተት የሚችል ሰው ሁሉ በአስር ደቂቃ ከጣና ካርቱም ይገባል። ጣጣው ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው። በጋ አሸዋ ክረምት ጎርፍ የሚሆኑት፣ ግማሽ መንገዳቸውን በዛፍ ተሸፍነው የሚሄዱት፣ ድንበር ሲደርሱ ስም የሚቀይሩት ወይም ጭራሽ ከካርታው የሚጠፉት።

እኔን እዚህ ነገር ውስጥ የከተቱኝ አጎቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማና ቋራ በረሃ ወርደው ነበር፣ ሳሉግ፣ የወቅት የጉልበት ሠራተኛ፣ ሆነው ማለት ነው፣ እና አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን «ያ ገለጎ ወንዝ ሱዳን ገብቶ መጨረሻው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ቆይ አሁን ላሳይዎት» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ አንድ ወንዝ ተከትዬ ወድ መደኒ አጠገብ ደረስኩና በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወንዙ ያለፈባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አዩና ሳቁ። «ይሄማ ሽንፋ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ገለጎን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም። የተማርኩትን ግን ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ገለጎና የሚገባበት ዲንደር ናቸው፤ ዘዴው ለማንኛውም ትንሽ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ይሠራል። በእግር ሄዶ ማየት የሚመርጥ ሰው ይኖራል፣ እኔም ብሆን እመርጣለሁ፣ ግን ሱዳን ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት አለ፣ በእኛም በኩል ያለውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ለጊዜው ወንበር ላይ።

ስሞቹን ቀድማችሁ ሰብስቡ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የወንዙን ስሞች ጻፉ። ስሞቹን ነው ያልኩት፤ ድንበር የሚሻገር ወንዝ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስም አለው። እኛ ተከዜ የምንለው ሱዳን ሲገባ ሰቲት ነው። ጓንግ አትባራ ይሆናል። ሽንፋ ራሃድ ይሆናል። ከጣና ምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ በቋራ በኩል የሚወርደው አይማ ደግሞ ሱዳኖቹ ዘንድ ዲንደር ነው። ይህን ሳታውቁ «አይማ» ብላችሁ ብትፈልጉ ካርታው ድንበሩ ድረስ ይወስዳችሁና ወንዙ እዚያ ያለቀ ይመስላችኋል።

ገለጎ ለየት ይላል፣ ስሙን ይዞ ነው የሚሻገረው። ሱዳን ውስጥም ኾር ገለጉ ይሉታል። ኾር ማለት በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ ስለዚህ በሱዳን ካርታ ላይ «ኾር» የሚል ቃል ካያችሁ በጋ ውኃ አትጠብቁ። ግን ይኸው ስም ሌላ ጣጣ አለው፦ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማም ገለጎ ነው፣ ሱዳን ውስጥ ያለው የዲንደር ፓርክ ዋና ካምፕም ገለጉ ነው። መፈለጊያው ላይ ስትጽፉ ማሽኑ የትኛውን እንደፈለጋችሁ አያውቅም፤ ከተማውን ይሰጣችኋል። በዚያ ላይ አንዱ በ«ገ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ጋ»፣ አንዱ መጨረሻውን «ጎ» ያደርገዋል፣ ሌላው «ጉ»። ሁሉንም ሞክሩ፣ በአረብኛ ፊደልም ጭምር። አረብኛ የማታውቁ ከሆነ ዐረብ አገር የኖረ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፣ ጠይቁ። እኔ ሦስት ዓመት ቤሩት የኖረች የአክስቴን ልጅ አስቸገርኩ፣ በአንድ ደቂቃ ጽፋ በቴሌግራም ላከችልኝ።

ከአፉ ጀምሩ

ሁላችንም ከምንጩ መጀመር እንወዳለን። ከምንጩ የሚጀምር ሰው ግን መጀመሪያ ምንጩን ማወቅ አለበት፣ እሱን ደግሞ ገና አላወቃችሁም። የትንሽ ወንዝ ራስ አንድ አይደለም፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሃያ ቦታ ይበተናል። አፉ ግን አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወንዙ ትልቁን ወንዝ የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ውጡ።

በእኛ ምሳሌ እንዲህ ነው። ሱዳን ውስጥ ሰናር ግድብን ክፈቱ፤ እንግሊዞች ለጥጥ መስኖ ብለው በ1925 እንደ ፈረንጆቹ የጨረሱት ነው፣ በቀላሉ ይታያል። ከግድቡ ዓባይን ተከትላችሁ ወደ ሰሜን ውረዱ። በስተቀኛችሁ፣ ማለትም ከምሥራቅ በኩል፣ እየተጥመዘመዘ የሚገባ ወንዝ ታገኛላችሁ። እሱ ዲንደር ነው። ወድ መደኒ ከተማ ከደረሳችሁ አልፋችሁታል፤ ከዚያ አጠገብ የሚገባው ራሃድ ነው፣ የኔ የመጀመሪያ ቀን ስህተት። ሁለቱ ጎን ለጎን ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጡ ለማምታታት የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ሰው ሲከራከርበት ስሰማ ይገርመኛል። ዲንደርና ራሃድ ዓባይን የሚገናኙት ከሰናር ግድብ በታች ነው። ሰናር ደግሞ ከሌላው የሱዳን ግድብ ከሮሰሪስ በታች ነው፣ ሮሰሪስ ከሕዳሴ ግድብ በታች ነው። ስለዚህ የሁለቱ ወንዞች ጎርፍ በሕዳሴ ግድብ በኩል አያልፍም፣ ግድቡ ሊይዘውም ሊለቀውም አይችልም። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፣ ጣትን ካርታው ላይ ማንሸራተት ይበቃል። ዲንደር በዓመት በአማካይ ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ያመጣል፣ ራሃድ 1 ቢሊዮን አካባቢ። ከዓባይ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የሚወርደው።

ከአፉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ውጡ። መጀመሪያ በሁለቱም ዳር የእርሻ መሬት ነው፣ በትራክተር የሚታረስ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ሰፋፊ አራት ማዕዘን። ከዚያ እርሻው በአንድ ጊዜ ቀጥ ይልና ጫካ ይጀምራል። የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጫፍ ላይ ደርሳችኋል። በ1935 እንደ ፈረንጆቹ የተከለለ፣ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው። ፓርኩ ውስጥ ገለጉ ካምፕን ፈልጉ፤ አጠገቡ ከምሥራቅ የሚመጣ ቀጭን መስመር ዲንደርን ይገናኛል። አገኛችሁት። አጎቴ የጠየቁኝ ወንዝ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ሥራው እሱን ሳይለቁ እስከ ድንበሩና ከድንበሩ ወዲህ መውጣት ነው፣ እና እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚተወው፣ ምክንያቱም መስመሩ ይጠፋል።

ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ወንዙ አልጠፋም። የከፈታችሁት ምስል ወቅቱ ልክ አይደለም።

ስልክ ላይ የምናየው ተራ የሳተላይት ካርታ ከተለያየ ቀን የተሰፋ ጥብቆ ነው። አንዱ ቁራጭ የየካቲት፣ አጠገቡ ያለው የጥቅምት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ወንዝ ለመከተል ቀኑን ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ። ለዚህ ጎግል ኧርዝን ላፕቶፕ ላይ ጫኑና የቆዩ ምስሎችን የሚያሳየውን የሰዓት ምልክት ተጫኑ። ከሱ የተሻለው ደግሞ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው የአውሮፓውያኑ ድረ ገጽ ነው፣ ነፃ ነው፣ የሴንቲነል 2 ሳተላይቶችን ምስል በየቀኑ ዘርዝሮ ያሳያል። ሳተላይቶቹ አንድ ቦታ ላይ በየአምስት ቀኑ ይመለሳሉ፣ አንዷ ፒክሰል መሬት ላይ 10 ሜትር ናት። ገለጎን የመሰለ ወንዝ በዚህ ምስል ላይ ሁለት ሦስት ፒክሰል ቢሆን ነው። ዙም ስታደርጉ ይደበዝዛል፤ ኢንተርኔታችሁ አይደለም፣ ልኩ ያ ነው።

ቀን ስትመርጡ አቆጣጠሩን አስታውሱ፣ ድረ ገጹ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ነሐሴ 1 ማለት ኦገስት 7 ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ የሚሞላበት ነው፣ ግን ደመና ብቻ ነው የምታዩት። በዚያ ጊዜ ሴንቲነል 1ን ተጠቀሙ፤ ራዳር ስለሆነ ደመናን ያልፋል፣ ጸጥ ያለ ውኃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ምስሉ ግን እንደ ተበላሸ ቴሌቪዥን ያሸዋማል፣ መጀመሪያ ሲያዩት ያስጠላል፣ ትለምዱታላችሁ።

የኔ ምርጫ ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ደመናው ሄዷል፣ ኩሬዎቹ ውኃ አላቸው፣ ሣሩ ገና አልተቃጠለም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እሳት ይገባል፣ ሰው ለግጦሽም ለማርም ለመንገድ ማጥሪያም ይለኩሰዋል፣ እና ምስሉ ላይ ጥቁር በጥቁር ይሆናል። ታዲያ ያም ቢሆን ጥቅም አለው። በጥርና በየካቲት የቆላው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፦ አባሎው፣ የዕጣን ዛፉ፣ ሌላውም። የወንዝ ዳሩ ዛፍ ግን ሥሩ እርጥበት ስለሚያገኝ ብዙው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ውኃውን አትፈልጉ፤ አረንጓዴውን ክር ፈልጉ። በቡናማና በጥቁር መሬት መካከል እየተጥመዘመዘ የሚሄድ ቀጭን አረንጓዴ ክር ካያችሁ መሐሉ ላይ ነጭ አሸዋ አለ፣ ያ ነው ወንዙ። ኮፐርኒከስ ብራውዘር ላይ «ፎልስ ከለር» የሚለውን ስትጫኑ ደግሞ ለምለሙ ነገር ሁሉ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ክሩን ሕፃን ልጅም ያገኘዋል።

ይህን ያገኘሁ ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር። ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ።

ጥምዝምዙን አንብቡ

አሁን ወንዙን ይዛችኋል። በፍጥነት ወደ ድንበሩ አትሩጡ፣ ምክንያቱም ፓርኩ ውስጥ ያለው ቁራጭ ከሁሉም የሚያምረው ነው።

ወንዙ ከደጋው ወርዶ ሜዳ ሲገባ ቁልቁለቱ ያልቅበታል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው። አሸዋና ደለሉን ተሸክሞ የመጣ ውኃ ጉልበት ሲያጣ ሸክሙን ያራግፋል፣ ባራገፈው ላይ ይሰናከላል፣ ወደ ጎን ይዞራል። በኩርባው ውጪ በኩል ዳሩን እየቦረቦረ፣ በውስጥ በኩል አሸዋ እየከመረ ኩርባው በየዓመቱ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ሁለቱ አንገቶች ይቀራረቡና አንድ ክረምት ጎርፉ በአቋራጭ ይበጥሰዋል። የተቆረጠው ኩርባ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ሱዳኖቹ ማያ ይሉታል። ካርታው ላይ «ማያ» የሚል ስም ስታዩ የወንዙን የድሮ መንገድ ነው የምታዩት።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን አይደል? ይሄኛው ማደሪያ አለው። ወንዙ ራሱ ከደረቀ በኋላ ውኃው ማያዎቹ ውስጥ ያድራል፣ ይከርማል፣ አውሬው ሁሉ በጋውን እነሱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ዝናብ ሲገባ ዋልካው ጭቃ ይሆንና ብዙው እንስሳ ወደ ከፍታው፣ ወደ እኛው አልጣሽ በኩል ይወጣል። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከድንበሩ ወዲህ ያለው የዚሁ ጫካ ወገን ነው፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ተመራማሪዎች አልጣሽ ውስጥ አንበሳ መኖሩን በካሜራና በዱካ አረጋገጥን ብለው ዓለም ጉድ ሲል፣ የአካባቢው ሰው «እና ማን የለም አለ?» ሳይል አይቀርም። አንበሳው ፓስፖርት የለውም፣ ውኃው ባለበት ነው የሚሄደው።

ኩርባውን በቁጥር መለካትም ይቻላል፣ ቀላል ነው። ጎግል ኧርዝ ላይ ማስመሪያውን ውሰዱ። ከአንድ ነጥብ እስከ ሌላ ነጥብ ወንዙን ኩርባ በኩርባ ተከትላችሁ ለኩ፣ ከዚያ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥታ ለኩ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ለምሳሌ በወንዙ 30 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥታ 18 ከሆነ 1.67 ይመጣል። ከ1.5 በላይ የሆነ ወንዝ ጠመዝማዛ ነው ይባላል። ይህን ሜዳው ላይ አንድ ጊዜ፣ ቋራ ኮረብቶች ውስጥ ደግሞ ሌላ ጊዜ አድርጉትና ልዩነቱን እዩ። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ላንድሳት የሚባሉትን የአሜሪካኖቹን ሳተላይቶች የቆዩ ምስሎች ክፈቱ፣ ከ1984 ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥራት አላቸው። የትኛው ኩርባ እንደሰፋ፣ የትኛው ማያ እየተሞላ ሣር እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ስለነዚህ የበጋ ኩሬዎች ሳወራ አንድ ነገር ካልጨመርኩ አይሆንም። የጎረቤቱ የሽንፋ ወንዝ ዳር በቁፋሮ የተገኘ አንድ የጥንት ሰዎች መኖሪያ አለ፣ ሽንፋ መተማ 1 ይሉታል፤ ጥናቱ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ ወጥቷል። ዕድሜው 74,000 ዓመት አካባቢ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን ነው፤ የዚያ ፍንዳታ ብናኝ መስታወት እዚያው አፈር ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ዓሣ አበዙ። ወንዙ ወደ ኩሬ ሲቆራረጥ ዓሣው ይጨናነቃል፣ ለማጥመድ ይመቻል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የአንዱ ኩሬ ምግብ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ኩሬ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እየተባለ እነዚህ ደረቅ ወንዞች መንገድ ሆነው ሊሆን ይችላል። እኔ በጣቴ የማደርገውን በእግራቸው ያደርጉት ነበር ማለት ነው።

ከፍታውን አትመኑት፣ ግን ተጠቀሙበት

ጎግል ኧርዝ ላይ በወንዙ ላይ መስመር ከሳላችሁ በኋላ መስመሩን በቀኝ ተጭናችሁ የከፍታ ግራፉን ማየት ይቻላል። አይማን ከደጋው እስከ ሜዳው ብትስሉት መጀመሪያ እንደ ግድግዳ ይወርዳል፣ አልጣሽ አካባቢ ከ500 እስከ 900 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። የደጋውን አፈር ሜዳው ላይ የሚያራግፈው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሥዕል የለም።

ግን ተጠንቀቁ። ከዚህ ሁሉ የከፍታ መረጃ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ያለው በየካቲት 2000 እንደ ፈረንጆቹ አንድ የጠፈር መንኩራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የለካው ነው። ራዳሩ ጫካ ላይ ሲደርስ የሚለካው መሬቱን ሳይሆን የዛፉን አናት አካባቢ ነው። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያለው ረጅም ዛፍ ኮረብታ መስሎ፣ ወንዙ ሽቅብ ሲሄድ ልታዩት ትችላላችሁ። እንግዲህ ውኃ ሽቅብ አይፈስም፣ ግራፉ ነው የተሳሳተው። ኩዩጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የምትችሉ ሰዎች ተፋሰሱን በራሱ እንዲሠራ ብታዙት ደጋው ላይ ቆንጆ አድርጎ ይሠራዋል፣ ጠፍጣፋው ዋልካ ላይ ሲደርስ ግን ገለጎን ከዲንደር ጋር ያለቦታው ሊያጋባው ይችላል። ሜዳ ላይ ምስሉን እመኑ፣ ተራራ ላይ ከፍታውን።

ድንበሩ ጋ ስትደርሱ

አንድ ነገር ሞክሩ። የድንበሩን መስመር የሚያሳየውን ምልክት አጥፉትና ገለጎን እየተከተላችሁ ድንበሩ የት እንደሆነ ገምቱ። አታገኙትም። እዚህ ጋ በሁለቱም በኩል ያው ጫካ፣ ያው ሽመል፣ ያው ግራር ነው።

መስመሩ የመጣው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከፈረሙት ውል ነው፣ በፈረንጅ ሜይ 15 ቀን 1902። በዓመቱ ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ መሬት ላይ አመላከተው። ታች ጋምቤላ በኩል ድንበሩ ባሮን፣ ፒቦርን፣ አኮቦን ይዞ ይሄዳል፤ ወንዙ ራሱ ድንበር ነው። እዚህ ቋራ በኩል ግን ወንዞቹን ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንዝ ራሱ እኛ ዘንድ፣ ጅራቱ እነሱ ዘንድ ሆነ። ለወንዝ ተከታይ ይህ ዋና ነገር ነው፦ ዝናቡ የሚዘንበው ወዲህ ነው፣ ጎርፉ የሚለካው ወዲያ ነው። የዲንደር ውኃ መለኪያ ጣቢያ ጉዊሲ ላይ፣ የራሃድ ሐዋታ ላይ ነው፣ ሁለቱም ሱዳን ውስጥ። የአንዱን አገር መረጃ ብቻ የያዘ ሰው ወንዝ የማያሻግር መረጃ ነው የያዘው።

ካርታዎቹ ላይ ያለው የድንበር መስመር እርስ በርሱም አይስማማም። ጎግል ላይ አንድ ቦታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዱ ጋ የተቆራረጠ ሰረዝ ነው። በዚህ መስመር አትከራከሩ፣ ፌስቡክ ላይ ስክሪንሾት ይዛችሁ አትጣሉ። ለናንተ ሥራ «ወንዙ እዚህ አካባቢ ይሻገራል» የሚለው ይበቃል።

በነገራችን ላይ ከፖሊሶቹ የስፖርት ክለብ ስሙን የምናውቀው ኦሜድላ ያለው በዚሁ አገር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ድንበሩን የተሻገሩት እዚያ ነው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት። ቀኑን ወደ ኮፐርኒከስ ብራውዘር ውሰዱት፣ ያለፈውን ዓመት ጥር 12 ክፈቱና በዚያ ወቅት የዲንደር አልጋ ምን እንደሚመስል እዩ። ነጭ አሸዋ። ክረምት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ግመልና በቅሎ በምን ይሻገር ነበር?

ሌላ የማይታይ መስመር

ይቺን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፣ እኔም ሁለት ቀን ከተበላሸብኝ በኋላ ነው የገባችኝ። ወንዙን ስላችሁ ርዝመቱን በትክክል ለማስላት ከፈለጋችሁ ዓለም በዞን የተከፋፈለችበት የመለኪያ ሥርዓት አለ፣ ዩቲኤም ይባላል። ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ዞን 36፣ ከ36 እስከ 42 ያለው ዞን 37 ነው። አይማ የሚነሳው ከ36 ዲግሪ ወዲህ ነው፣ ዲንደር ሆኖ የሚያልቀው ከ36 ዲግሪ ወዲያ። አንዱን ወንዝ በሁለት ዞን ስትለኩት መሐሉ ላይ ይሰበራል። አንዱን ዞን ምረጡና ሙሉውን በዚያ ሥሩ፣ ለትንሽ መንገድ ስህተቱ ያን ያህል አይደለም።

የድሮ የወረቀት ካርታ፣ ያ አንድ ለሃምሳ ሺህ የምንለውን፣ ስካን አድርጋችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ (ፈረንጆቹ ዴተም በሚሉት) ነው፣ ስልካችሁ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ለአዲስ አበባ ምንም አይደል። 25 ሜትር ለሚሰፋ ወንዝ ግን ወንዙን ትታችሁ ጫካ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ መነሻውን ቀይሩት፣ ሁለት ጠቅታ ነው።

በመጨረሻ ደውሉ

ምስሉ የማይነግራችሁ ብዙ ነገር አለ፣ ስለዚህ ያየ ሰው ጠይቁ። አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። «ወንዙ ስንት ሜትር ይሰፋል?» ብትሉ ማንም አይመልስላችሁም። «ኅዳር ላይ በእግር ትሻገሩት ነበር? ውኃው የት ይደርሳችኋል? ከብት የት ነው የሚጠጣው?» በሉ። እንዲህ ስጠይቃቸው አጎቴ ዝም ብለው ቆዩና «ኅዳር መጨረሻ ጉልበት አይሞላም። ጥር ላይ አሸዋውን በእጅህ ትጭራለህ፣ ክንድ ያህል ስትወርድ ውኃ ይመጣል፣ እንደ ጠበል የቀዘቀዘ» አሉኝ። አሸዋ ሥር ያለ ውኃ በየትኛውም ሳተላይት ላይ አይታይም፤ ዛፉ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ግን ያስረዳል።

ስትጨርሱ መስመሩን ኬኤምኤል፣ ማለትም ጎግል ኧርዝ የሚከፍተው ዓይነት የካርታ ፋይል፣ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፋይሉ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፉበት፣ ከየትኛው ቀን ምስል እንደሳላችሁት ጻፉ፣ በዛፍ ምክንያት በግምት የሳላችሁትን ቁራጭ በሌላ ቀለም አድርጉት። የኔው ላይ ግምቱ ቢጫ ነው፣ ከድንበሩ ወዲህ ረዘም ያለ ቢጫ አለ።

ለአጎቴ አትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከታች ጀምረው ወደ ላይ በጣታቸው ወጡ፣ ገለጉ ካምፕ፣ መገናኛው፣ ጫካው፣ ድንበሩ፣ እና ቢጫው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ጋ ሁለት ነው የሚሆነው» አሉ። «ደሴት አለው። አንተ አንዱን ብቻ ነው የሳልከው።» ቤት ገብቼ የጥቅምቱን ምስል ከፈትኩ። ዛፍ መስሎኝ የነበረው እውነትም ለሁለት ይከፈላል።